ከፎቶው ሥር ምን ይጻፍ?

እኛ ሐርጌሳ ኮድቡር ያለነው፣ ከአቧራውና ከውሃ ወረፋው በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ዘንድሮ ሰፈራችን ውስጥ ስድስት የስደተኛ ልጆች ፎርም ፎርን ጨርሰዋል። በአገራችን አቆጣጠር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ማለት ነው። «ስድስት ልጅ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል ካለ እኔ ልንገረው። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ሶማሊኛን ከዜሮ የጀመሩ ናቸው። ቤት ውስጥ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ፣ ደጅ ላይ ሶማሊኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ። አባት የቀን ሥራ ሲያገኝ ይሠራል፣ እናት የሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፣ የቤት ኪራዩ በዶላር ነው። በዚህ መሃል አሥራ ሁለት ዓመት ደብተር ይዞ መመላለስ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ኮሚቴው «አንድ ነገር እናድርግላቸው» አለ። ድግስ አይቻልም፣ ገንዘቡ የለም። የስድስቱን ፎቶ በአንድ ትልቅ ወረቀት አሳትመን ግቢያችን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ፣ ከፎቶው ሥር ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ወደፊት መሆን የሚፈልገውን ይጻፍ ተባለ። ወረቀቱን የማዘጋጀቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ይህች ቡለቲን ሩቅ ድረስ ስለምትሄድ የልጆቹን ስም እዚህ አልጽፍም። የሰፈሩ ሰው ያውቃቸዋል፣ ይበቃል።

አምስቱ ጽፈው መለሱ። ስድስተኛው ባዶውን አመጣልኝ።

«ምነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? ደግሞስ ብጽፈው ምን ይሆናል?»

እንዲህ የሚል ልጅ ሐሳቡ ወዴት እንደሄደ ኮድቡር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ታህሪብ የምትለዋን ቃል እዚህ አገር ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃታል። ወጃሌን ተሻግሮ ኢትዮጵያ፣ ከዚያ ሱዳን፣ ከሱዳን ሊቢያ፣ ከሊቢያ ባሕር። የሶማሌ እናቶችም እንደኛዎቹ ያለቅሱባታል። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፣ ተውኩት። ቁጣ የጠገበ ልጅ ነው። ይልቅ አጠገቤ አስቀምጬ፣ ሻሂ አስመጥቼ፣ እኔ ራሴ አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ከጓደኞቼ ጋር ስላሳተምናት መጽሔት አወራሁት። ለእናንተም የምጽፈው ያንኑ ነው፣ ትንሽ ጨምሬበት።

የእኛ መጽሔት

እኔ የተማርኩት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው እነዚህን ትምህርት ቤቶች ያውቃቸዋል፤ ቅዱስ ዮሴፍ፣ ናዝሬት፣ ናቲቪቲ፣ ልደታ ካቴድራል እየተባሉ የሚጠሩ አሉ። የእኔ የትኛው እንደነበረ አልናገርም። ምክንያቱም የክፍል ጓደኞቼን ጉድ ልዘረግፈው ነው፣ ፈቃድ ደግሞ አልጠየቅኋቸውም።

«ካቶሊክ» ስል ሁላችንም ካቶሊክ ነበርን ማለቴ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ክፍላችን ውስጥም አብዛኛው ኦርቶዶክስ፣ ቀጥሎ ሙስሊም፣ ጥቂት ጴንጤ፣ ካቶሊኩ በጣት የሚቆጠር ነበር። በሁዳዴ ግማሹ ክፍል በምሳ ዕቃው ሽሮ ይዞ ይመጣል፣ በረመዳን ደግሞ ሌሎቹ በምሳ ሰዓት ላይብረሪ ይቀመጣሉ። ማንም ማንንም ለምን አላለም። ወላጅ ልጁን እዚያ የሚልከው ለሥርዓቱ ብሎ ነበር። ደወል ከተደወለ በኋላ የመጣ ውጪ ይቀራል፣ ጫማው ያልተወለወለ ይመለሳል፣ ከዩኒፎርሙ የተለየ ሹራብ የለበሰ ሹራቡ ይወሰድበታል። በጊዜው አማርረናል፣ ያውም በጣም።

አሁን ሳስበው ግን የሚገርመኝ፣ ጫማውን የሚያዩት ሰዎች ልጁንም ያዩት ነበር። የጂኦግራፊ መምህራችን አንድ ቄስ ነበሩ፣ «አባ» ብቻ ነው የምንላቸው። ሃምሳ አምስት ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ገብተው ማን ሌሊት እንዳልተኛ፣ ማን ምሳ እንዳልያዘ፣ የማን አባት ከሥራ እንደተቀነሰ ያውቃሉ። እንዴት እንደሚያውቁት አላውቅም። የሚናገሩትም ለራሱ ለልጁ ብቻ ነበር፣ ኮሪደር ላይ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ማትሪክ የወሰድነው በ1992 ዓ.ም. ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲው እንደዛሬው በየአቅጣጫው አልነበረም፤ የሚያልፈው ጥቂት፣ የሚቀረው ብዙ ነው። ከፈተናው በፊት ገንዘብ አዋጥተን የምሩቃን መጽሔት አሳተምን። ያያት ሰው ያውቃታል፤ በአንድ ገጽ ስድስት ፎቶ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ስም፣ ቅጽል ስም፣ «አምቢሽን»፣ «ላስት ወርድ»። እንግሊዝኛችን እንኳን ይቅር፣ ኩራታችን ግን ሌላ ነበር! ለፎቶው ከረባት ያልተዋሰ ወንድ አልነበረም። እንዲያውም ነጭ ነጠብጣብ ያላት አንዲት ከረባት በአሥራ አንድ ልጅ አንገት ላይ ትታያለች። የአንዱ ልጅ አጎት ናት፣ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ስትቀባበል ዋለች።

ራዲዮ የምንለው ልጅ ነበር። ማታ የሰማውን ኳስ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ከነደምሴ ዳምጤ ድምፁ፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ያስተላልፍልናል። ባንዲራ እስኪሰቀል ድረስ ቢያንስ አንድ ጎል ይገባል። አምቢሽኑ «የስፖርት ጋዜጠኛ» ነው። ዛሬ አዳማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ይሠራል። መድኃኒት ልትገዛ የገባ ሰው ውጤት ሳይሰማ አይወጣም አሉ።

እቴጌ የክፍል አለቃችን ነበረች። የሚረብሽ ሰው ስም ትጽፋለች፣ ጉቦ አትቀበልም፣ ወንድሟ አንድ ክፍል ከእኛ ጋር ነበር፣ የእሱን ስም ከሁሉ በላይ ትጽፈው ነበር። «ዳኛ» ብላ ጻፈች። ነጥቧ ለሕግ አልደረሰምና መምህራን ኮሌጅ ገባች። ስታስተምር ቆይታ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ሕግ ጨርሳ፣ አሁን ጠበቃ ናት። «ዳኝነቱ ገና ይደርሳል» ትላለች፣ አርባ ዓመት አልፏታል።

ከሃምሳ አምስታችን አሥራ ሰባታችን «ዶክተር» ብለን ነበር። መጽሔቷን ሲያርም የነበረው ልጅ ሰልችቶት ቁጥር ይስጣቸው ብሎ ተሟገተ፣ ዶክተር ቁጥር 1፣ ዶክተር ቁጥር 2 እየተባለ። ከነዚያ ሁሉ ሐኪም የሆኑት ሁለት ናቸው። አንደኛው ማንም የጠበቀው ነው። ሁለተኛው ግን ባዮሎጂ ክፍል እንቁራሪት ሲቀደድ ወድቆ ውሃ የረጨንበት ልጅ ነው፣ ዛሬ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነው። ይህን ስነግረው የእኛው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

በመጨረሻው ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ካልተጠየቀች አትናገርም። ከፎቶዋ ሥር በአምቢሽን ፋንታ «መተኛት» ብላ ጻፈች። ሁላችንም ሳቅን። ቀልድ መስሎን ነው። እናቷ እንጀራ ሸጣ የምታድር ሴት መሆኗን፣ ልጅቷም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ምጣድ ላይ ቆማ ጋግራ ነው ትምህርት ቤት የምትመጣው የሚለውን ያወቅነው ከተለያየን በኋላ ነው። ያኔ አባ በመጨረሻው ፔሬድ እሷ ጠረጴዛ ላይ ስትደፋ ለምን ዝም እንደሚሉ ገባኝ። ሌላው ሰው ቢያሸልብ ጠመኔ ይወረወርበት ነበር። ይህች ልጅ ቤሩት ሄደች ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያገኛት ሰው አላገኘሁም። ከመጽሔቷ ውስጥ ስንት ትልልቅ ቃል ረስቼ ያቺን አንዲት ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

እኔ ደግሞ «ጋዜጠኛ» ብዬ ነበር። ይኸው እንደምታዩት ነው። ይህችን ቡለቲን ጻፊም፣ አራሚም፣ ፎቶ ኮፒ አንሺም እኔው ነኝ።

ባዶው ክፈፍ

በመጽሔቷ መሃል አካባቢ፣ ከስድስቱ አንዱ ክፈፍ ባዶ ነው። የሕትመት ስህተት አይደለም።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ወላጆቹ ከኤርትራ የመጡ፣ እሱ ግን አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የሚሻል። አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ ድምፁን ሰምቶ ዓይነቱን ይናገራል፣ «ፓይለት እሆናለሁ» ነው ሁልጊዜ ቃሉ። በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በባድመ ጦርነቱ ተጀመረ፣ ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ ኤርትራውያን ናቸው የተባሉ ሰዎች ከየቤታቸው እየተወሰዱ መባረር ጀመሩ። በመጀመሪያ አባቱ፣ ከዚያ የቀሩት። በሁለቱ የጦርነት ዓመታት ከኢትዮጵያ የተባረሩት ወደ 75 ሺህ እንደሚሆኑ ተገምቷል። ከዚያም በኩል ኢትዮጵያውያን በብዙ አሥር ሺህ ተባረው መጥተዋል። ዛሬ ይህን የምታነቡ ሰዎች ውስጥ ከአሰብ ወይም ከአስመራ ሻንጣ ሳትይዙ የወጣችሁ ትኖራላችሁ። ያኔ እኔ ልጅ ነበርኩ፣ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመስከረም አሥራ አንደኛ ክፍል ስንገባ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። የሒሳብ ደብተሩ ግን እኔ ዘንድ ቀርቶ ነበር፣ ለመገልበጥ የተዋስኩት።

መጽሔቷ ስትዘጋጅ አንዱ «ለእሱም ቦታ እንተው» አለ። ሌላው ፈራ። ጊዜው ጥሩ አይደለም፣ ጦርነቱ አላለቀም፣ ትምህርት ቤቱን ችግር ላይ እንጥላለን ተባለ። ተከራከርን፣ ተኳረፍን። መጨረሻ ላይ አባ ዘንድ ሄድን። አባ ዝርዝሩን አዩና «ስም አትጻፉ። ክፈፉ ግን ይግባ» አሉ። ባዶ ክፈፍ ገባ። ከሥሩ ምንም የለም። የምናውቅ እናውቀዋለን።

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ላይ የሁለቱ አገሮች ስልክ ሲከፈት ትዝ ይላችኋል? ሰው ዝም ብሎ አስመራ ቁጥር እየመታ ከማያውቀው ሰው ጋር ያለቅስ ነበር። አዲስ አበባ የቀረችው እቴጌ ያኔ በሆነ መንገድ የእህቱን ቁጥር አግኝታ ደወለች። እሱ አስመራ አልነበረም። ወጥቶ ካርቱም ገብቶ ነበር። ካርቱም የኖራችሁ ኮምቦኒን ታውቁታላችሁ፣ በፈረንጆቹ 1929 የተከፈተው የካቶሊኮች ትምህርት ቤት፣ የስንቱን አገር ስደተኛ ያስተማረ። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ የኮምፒውተር ትምህርት የሚሰጥበት ኮሌጅ ተጨምሮበታል። ጓደኛዬ ቀን ጄኔሬተር እየጠገነ ማታ እዚያ ኮምፒውተር ተምሯል። ደወለልኝ። ሃያ ዓመት ነበር ድምፁን ከሰማሁ። መጀመሪያ ያለኝ «የሒሳብ ደብተሬን መልስልኝ» ነው።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ እንደገና ሸሸ። አሁን ካምፓላ ነው።

አባ የነገሩን

በስንብታችን ቀን አባ ንግግር እንዲያደርጉልን ስንጠይቃቸው ምክር ሊጀምሩ ነው ብለን ተዘጋጅተን ነበር። እሳቸው ግን ታሪክ ነገሩን። ታሪኩ የሐረር ነው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ወደዚህ ስትመጡ በዚያው መንገድ አልፋችኋልና ልጻፈው።

ካቶሊኮቹ ካፑቺኖች ሐረር የገቡት በ1881 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ከተማዋ በግብፆች እጅ ሳለች። አለቃቸው ሞንሲኞር ቶረን ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ፈረንሳዊው ሞንሲኞር ዣሮሶ ደግሞ የአገሩ ሰው «አባ እንድርያስ» ይላቸው ነበር። የሐረር ገዥ ራስ መኮንን ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ነገር ግን ልጃቸው ፈረንሳይኛና ዘመናዊ ትምህርት እንዲማርላቸው ስለፈለጉ መምህር ከሚሲዮኑ ጠየቁ። የተሰጣቸው ፈረንጅ አልነበረም፣ ኢትዮጵያዊው አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ናቸው። ተማሪዎቻቸው ልጅ ተፈሪ መኮንንና አብሮ አደጉ ልጅ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፣ የአንድ ዘመን ልጆች።

እንግዲህ ከዚያች ትንሽ ክፍል የወጡትን ሁለት ልጆች እዩአቸው። ተፈሪ ዝምተኛ፣ ሁሉን የሚያይ፣ የሚይዝ፣ የሚጠብቅ ሆኖ እስከ ዙፋን ሄደ። እምሩ ደግሞ የራሱን መሬት ለገባሮች ያከፋፈለ መስፍን ሆነ። ጣሊያን ሲመጣ ተዋግቶ ተማርኮ በጣሊያን አገር ፖንዛ ደሴት ታስሮ ኖረ። ኋላ አምባሳደር ሆነ፣ ልጁ ዮዲት እምሩም ለኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት አምባሳደር ሆነች። ከአንድ መምህር፣ ከአንድ ጠረጴዛ ተነስተው አንዱ ሌላውን አልመሰለም። አባ ይህን ሲነግሩን ዓይናቸው ከእቴጌ ወደ ራዲዮ፣ ከራዲዮ ወደዚያች ወደ ዝምተኛዋ ይሄድ ነበር።

በ1907 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ፣ ተፈሪ ሐረርን የሚገዙ ደጃዝማች ሆነው፣ ከሰዎቻቸው ጋር በሐረማያ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲሄዱ ጀልባዋ ውሃ ገባባትና ሰጠመች። ተፈሪ ተረፉ። አባ ሳሙኤል ከሞቱት ሰዎች መካከል ነበሩ።

አባ እዚህ ላይ ሲደርሱ «አንድ ጀልባ ውስጥ ነበሩ» አሉና ዝም አሉ። ንግግሩ እሱ ነበር፣ አለቀ። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩና «ምን ማለታቸው ነው?» ብዬ ጓደኛዬን ጠየቅኩ። «እኔ እንጃ» አለኝ።

ሐረማያም እንደምታውቁት በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ ደርቆ መሬቱ ሣር ሲበቅልበት፣ ከብት ሲጋጥበት ነበር። በቅርብ ዓመታት ውሃው እንደገና ተመልሷል። እኔ ወደዚህ ስመጣ በአውቶቡስ መስኮት ያየሁት ደረቁን ነው። አጠገቤ ለነበረው ሰውዬ «እዚህ ጋ ሰው ሰጥሞ ሞቷል» ብለው አላመነኝም።

ወደ ኮድቡር ስንመለስ

አምስቱ ምን ጻፉ? ስም ሳልጠራ ልንገራችሁ።

አንዷ የእናቶችን ዕቁብ መዝገብ የምትይዝ ናት። ሃያ ሦስት እናቶች በዛድ የላኩትን ብር በቃሏ ታውቀዋለች፣ አንድ ሺህ ሺሊንግ ቢጎድል እስክታገኘው ምሳ አትበላም። «የሒሳብ ባለሙያ» ብላለች። አንዱ ደግሞ የሰፈሩ አስተርጓሚ ነው፣ ሰው በታመመ ቁጥር ክሊኒክ አብሮ ሄዶ በአማርኛና በኦሮምኛ የተነገረውን ሕመም በሶማሊኛ ያስረዳል። አንዲት ሴትዮ ስለ ማህፀን ሕመሟ በእሱ በኩል መናገር አፍራ እንደተመለሰች ነግሮኝ ነበር፣ በጣም ነው የቆረቆረው። «ነርስ» ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎ በቅንፍ «ሴት አስተርጓሚም ይቀጠር» ብሎ ጨመረ። ቅንፉን አላወጣሁትም። ሦስተኛው ኳስ ተጫዋች ነው፣ ጉልበቱ ከተጎዳ ወዲህ ትንንሾቹን ያሠለጥናል፣ «አሰልጣኝ»። አራተኛዋ ሙያ አልጻፈችም፣ «ለእናቴ የራሷ በር ያለው ቤት» ነው ያለችው። ሦስት ቤተሰብ በአንድ በር በሚገባበት ግቢ ያደገች ልጅ ናት።

አምስተኛዋ «የሕግ ባለሙያ» ብላ ጻፈች። እናቷ ዘንድ ስሄድ «እስቲ አሁን ይበቃታል፣ ባል ያገባታል፣ ዓይኗም እኮ በደንብ አያይም» አሉኝ። እትዬ የወሎ ሰው ናቸው። ስለዚህ ስለ የትነበርሽ ንጉሤ ነገርኳቸው። የትነበርሽ በፈረንጆቹ 1982 ወሎ ሳይንት ውስጥ ተወለደች፣ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጣች። ቤተሰቦቿ ሻሸመኔ ወደሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ላኳት። ዓይኗ ባይጠፋ ኖሮ እንደ አካባቢዋ ልጆች በልጅነቷ ትዳር ይጠብቃት እንደነበር ራሷ በአደባባይ ተናግራለች። ከሻሸመኔ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ገባች፣ ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት የምትሟገት ሆነች። በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ወሰደች። እትዬ አዳምጠው ሲያበቁ «ሳይንት የት ጋ?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ባል ያሉትን ግን አልደገሙትም። ልጅቷ መነጽር ያስፈልጋታል፣ ኮሚቴው መዋጮ ጀምሯል። የምትችሉ እጃችሁን ዘርጉ።

ወላጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ከፎርም ፎር በኋላስ?» የሚል። እውነቱን ልንገራችሁ። በዓለም ላይ ካሉ ስደተኞች ከፍተኛ ትምህርት የሚገባው በ2019 ገደማ ከመቶ 3 ብቻ ነበር። ኋላ ላይ ዩኤንኤችሲአር ባወጣው ሪፖርት 7 ደርሷል፣ በ2030 ደግሞ 15 እንዲደርስ ነው የታቀደው። ትንሽ ነው፣ ግን ሲያድግ ይታያል። በጀርመን መንግሥት እርዳታ በ1992 የተጀመረው ዳፊ የሚባለው ስኮላርሺፕ ለስደተኞች የመጀመሪያ ዲግሪ የሚከፍል ነው። ማስታወቂያው መቼ እንደሚወጣ ከስደተኞች ቢሮ ጠይቁ፣ ሰርተፊኬቱንም ኦርጅናሉን ፕላስቲክ ውስጥ አስቀምጡ። ዝናብ ያበላሸው ሰርተፊኬት ሁለት አይቻለሁ። በካኩማ ያላችሁ ደግሞ የካቶሊክ ኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት በ1980 የተቋቋመ መሆኑን፣ ከ2010 ጀምሮም እዚያው ካምፕ ውስጥ በኢንተርኔት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማ ማስተማር የተጀመረው በእነሱ በኩል እንደሆነ ታውቃላችሁ። አሥራ ሁለተኛን ያልጨረሰ ከእነዚህ በሮች አንዱንም ማንኳኳት አይችልም።

«አገር ቤት ቢሆኑ ኖሮ» እያላችሁ የምትቆጩም አላችሁ። አገር ቤትም ቀላል አልሆነም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። ይህን የምለው ለመጽናናት አይደለም፣ ልጆቻችሁን ከማይገባ ነገር ጋር እያወዳደራችሁ እንዳትነዘንዟቸው ነው።

ይህንን ሁሉ ለስድስተኛው ልጅ አላወራሁትም፣ ቁጥር አይወድም። እሱ የሚወደው ስልክ ነው። ኮድቡር ውስጥ የተሰበረ ስልክ ሁሉ እሱ ዘንድ ይሄዳል። በሻማ ባጋለው መርፌ ብየዳ ሲሠራ ካላያችሁት አታምኑም። የእኔን ሁለት ጊዜ ከሞት አስነስቶታል። ይህንን «ሙያ ነው» ብሎ የነገረው ሰው እንደሌለ የገባኝ ያን ቀን ነው። እኔም ራሴ ሁለት ጊዜ አስጠግኜ «ተባረክ» ከማለት በቀር ምንም አላልኩትም።

ስለ ባዶው ክፈፍ ስነግረው ሻሂው በረደበት። ሲቆይ፣

«አሁን ካምፓላ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«ኮምፒውተር ይጠግናል። አነስተኛ ሱቅ አለው።»

«ፓይለት አልሆነም ማለት ነው።»

«አልሆነም።»

«ማንስ አስተማረው ጥገናውን?»

«ጄኔሬተሩን ራሱ። ኮምፒውተሩን ኮምቦኒ።»

ጥያቄ አልጨመረም። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ በአራት አጠፈና ኪሱ ከተተው። እንደሚጽፍበትም እንደማይጽፍበትም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ማተሚያ ቤቱ የሚቀበለን ሐሙስ ነው። የአምስቱ ገብቷል፣ የእሱም ፎቶ ተለጥፏል። ከሥሩ ያለውን ቦታ ይዘንለታል።